ዜድ መኪና መቼ ወደቀ? እንዴትስ ተመለሰ? (ከዳትሰን 240ዜድ እስከ አሁኑ)

ነጭ_ዜድ

ሰላም የመኪና ወዳጆች፣ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ከረመና ዛሬ ልጠይቃችሁ ብዬ ነው። ዳትሰን 240ዜድን በጣም ነው የምወደው። ረጅም ኮፈን፣ አጭር የኋላ፣ ሁለት ወንበር፣ በአንድ መስመር የተደረደረ ስድስት ሲሊንደር፣ በቃ ለኔ የስፖርት መኪና ማለት እሱ ነው። ግን ታሪኩን ባነበብኩ ቁጥር ግራ ይገባኛል። በ1970 አሜሪካ ሲገባ ሰው ወረፋ ይዞ ነው የሚገዛው፣ በ1996 ደግሞ የሱ ዘር የሆነው 300ዜድኤክስ ገዢ አጥቶ ከዛው ገበያ ይወጣል፣ ከዛ በ2002 350ዜድ ሆኖ ይመለስና እንደገና ሰው ይሻማበታል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)

እና ጥያቄዬ፣ የወደቀው መቼ ነው? አንዳንዱ ሰው በ1978 280ዜድኤክስ የመጣ ቀን ነው የሞተው ይላል፣ ሌላው ደግሞ ኧረ የመጨረሻው 300ዜድኤክስ ከሁሉም የበለጠ መኪና ነበር የገደለው ዋጋው ነው ይላል። ሁለቱም እንዴት ልክ ይሆናሉ? ደግሞስ ሲመለስ ምን ተቀይሮ ነው የተመለሰው? የምታውቁ ዘርዝሩልኝ፣ ረጅም ቢሆንም አነባለሁ።

ሳፋሪ_71

ወንድሜ መጀመሪያ አነሳሱን እንይ፣ የአወዳደቁ ምክንያት እዛው ውስጥ ነው ያለው።

ኒሳን (ዳትሰን ያኔ የኒሳን መኪኖች የሚሸጡበት ስም ነው) በ1960 ዩታካ ካታያማ የሚባለውን ሰው ወደ አሜሪካ ይልከዋል፣ በኋላ ሁሉም ሚስተር ኬ እያለ የሚጠራው ማለት ነው። ከዛ በፊት በ1958 አውስትራሊያን በሚዞረው ረጅም ውድድር የዳትሰንን ቡድን መርቶ ሄዶ በምድባቸው አሸንፈው የተመለሱ ሰው ነው፣ መንዳት የሚወድ፣ መኪና ማለት ከቦታ ቦታ ማድረሻ ብቻ ያልሆነበት። አሜሪካ ሲደርስ ያየው ነገር ግልጽ ነበር፣ ወጣቱ የስፖርት መኪና ይፈልጋል ግን ምርጫው ሁለት ነው፣ ወይ ርካሽ የእንግሊዝ መኪና አራት ሲሊንደር ያለው ዝናብ የሚያስገባ፣ ወይ ደግሞ አቅሙ የማይደርስበት ጃጓር ወይም ፖርሽ። መሀሉ ባዶ ነው። እሱ መሀሉን የሚሞላ መኪና ስጡኝ ብሎ ጃፓን ያሉትን አለቆቹን ጨቀጨቀ፣ እዛ ደግሞ ዮሺሂኮ ማትሱኦ የሚመራው የዲዛይን ቡድን ቅርጹን ሰራው።

በ1969 ጥቅምት ላይ ጃፓን ውስጥ ፌርሌዲ ዜድ ተብሎ ወጣ። ሚስተር ኬ ይሄን ስም አሜሪካ ውስጥ አልሸጥበትም አለ፣ ስለዚ እዛ የገባው በሞተሩ መጠን ተሰይሞ ነው፣ 2.4 ሊትር ስለሆነ 240ዜድ። የጃፓኑ ደግሞ አብዛኛው ባለ 2 ሊትር ነበር ምክንያቱም ከ2 ሊትር በላይ ከሆነ ግብሩ ይከብድ ነበር። ጃፓን ውስጥ ዜድ432 የሚባልም ነበረ፣ በአንድ ሲሊንደር 4 ባልቦላ፣ 3 ካርቡሬተር፣ 2 ካምሻፍት ማለት ነው ቁጥሩ፣ ሞተሩ የሌላኛው የኒሳን ስፖርት መኪና የስካይላይን ጂቲ-አር ነው፣ ዛሬ ያንን መኪና በአይኑ ያየ ሰው ዕድለኛ ነው።

አሁን ዋጋውን ስማ፣ 3,526 ዶላር። በዛ ብር 151 ፈረስ ጉልበት፣ አራቱም ጎማ ለየብቻው የሚንቀሳቀስ ሰስፔንሽን፣ ፊት ላይ ዲስክ ፍሬን፣ በሰዓት 200 ኪሎሜትር አካባቢ። የዛን ጊዜ ኮርቬት ከ5 ሺህ ዶላር በላይ ነው። የእንግሊዙ ስፖርት መኪና ኤምጂቢ ለዋጋው ይቀርበዋል ግን 1.8 ሊትር አራት ሲሊንደር ሆኖ ኋላው ባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ድፍን አክስል ነው። ሻጮቹ ከተለጠፈው ዋጋ በላይ እየጨመሩ እንኳን ሰው ወር እየጠበቀ ይገዛ ነበር። የመጀመሪያው ትውልድ ብቻ፣ ማለትም 240፣ 260 እና 280ዜድ ተደምረው፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሰርተዋል።

ደግሞ ውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የ1971ዱን የምስራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ ኤድጋር ኸርማን እና ሃንስ ሹለር በ240ዜድ አንደኛ ወጡ፣ ሁለተኛውም 240ዜድ ነበር፣ ሼካር መህታ የነዳው። ያ ውድድር ማለት ኬንያ ኡጋንዳ ታንዛኒያን እያቆራረጥክ በሺህ የሚቆጠር ኪሎሜትር ፒስታ፣ አቧራ ሲያልቅ ጭቃ፣ ጭቃ ሲያልቅ ድንጋይ ነው፣ የአውሮፓ ትልልቅ ቡድኖች እየመጡ መኪናቸውን የሚሰባብሩበት ቦታ። በ1973 ደግሞ መህታ ራሱ ከሎፍቲ ድሩዝ ጋር በ240ዜድ አሸነፈ። እዛው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ጆን ሞርተን በፒት ብሮክ ቡድን መኪና በ1970 እና በ1971 የምድቡን ብሄራዊ ሻምፒዮና ወሰደ። አንዱ መኪና በአስፋልት ትራክም በጭቃም ያሸንፋል፣ አስተማሪ የሚነዳው መኪና ግን እሱ ነው። ዜድን ዜድ ያደረገው ይሄ ነው፣ ተራ ሰው የሚደርስበት ነበር።

ቀላል_ይሻላል

ሳፋሪ አሪፍ አድርገህ ነው ያስቀመጥከው። እኔ ግን ውድቀቱ ከ1978 ይቀድማል ነው የምለው፣ ፓራውልቱ ላይ ነው የጀመረው።

አሜሪካ በ1973 እና 74 መኪና በሰዓት 8 ኪሎሜትር ተጋጭቶ ጉዳት እንዳይደርስበት የሚል የፓራውልት ህግ አወጣች። የ240ዜድን ቀጭን ኒኬል ፓራውልት አስታውሱና ከ1975ቱ 280ዜድ ጋር አስተያዩት፣ ፊትና ኋላው ላይ ከባድ ብረት ተገጥሞለት አፍንጫው ረዝሞ ሌላ መኪና መስሏል። የጭስ ህጉ ደግሞ በዛው ላይ መጣ። በ1973 ለጭሱ ተብሎ የተገጠሙት ካርቡሬተሮች አናታቸው ጠፍጣፋ የሆኑት፣ ሞተሩ ሲግል ቤንዚኑ እዛው እየተነነ መኪናው አልነሳም የሚል፣ ያለው ሰው ሁሉ አውልቆ የድሮዎቹን ክብ አናት የሚገጥምበት ጣጣ ነው። 260ዜድ ሞተሩ ከ240 ይበልጣል ግን አሜሪካ ውስጥ ጉልበቱ በወረቀት ያነሰ ነበር፣ እስቲ አስቡት። በ1975 280ዜድ ኢንጀክሽን ተገጠመለትና ሞተሩ ዳነ፣ በጣም ጥሩ ሞተር ነው እሱን አልክድም፣ ክብደቱ ግን ተመልሶ አልወረደም።

ከዛ 280ዜድኤክስ መጣ። ድምጽ እንዳይገባ ተብሎ የታጨቀበት ነገር፣ የሚነቀል የመስታወት ጣራ፣ ለስላሳ ወንበር፣ ኋላ ላይ ህጻን እንኳን በምቾት የማይቀመጥበት ተጨማሪ ወንበር ያለው አይነት። ኋላው ሰስፔንሽን ከቤተሰብ መኪና የተወሰደ ነው፣ ረጅም መንገድ ላይ ምቹ ነው ግን ኩርባ ላይ 240 የሚሰጥህን ስሜት አይሰጥህም። የሚገርመው በደንብ ተሸጠ! ለዚህ ነው ሰው የማይስማማው፣ በሽያጭ ካየኸው 280ዜድኤክስ ስኬት ነው፣ በመንፈስ ካየኸው ግን ዜድ የስፖርት መኪናነቱን ትቶ የምቾት መኪና የሆነበት ቀን ነው። ቀጥሎ በ1983 የመጣው የመጀመሪያው 300ዜድኤክስ ቪ6 (ሲሊንደሮቹ በሁለት ረድፍ የተደረደሩ) ይዞ መጣ፣ ያንን ቀጥ ያለ ስድስት ሲሊንደር ጣለው፣ ዲጂታል ዳሽቦርድ፣ በሩ ተከፍቷል ብሎ የሚናገር ድምጽ ምናምን። 240ዜድ ከአንድ ቶን እምብዛም አያልፍም ነበር፣ በ1990 ያለው ባለ ሁለት ተርቦ 300ዜድኤክስ (ተርቦ ማለት ጉልበት እንዲጨምር አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ነው) ከ1,500 ኪሎ በላይ ነው። ሃምሳ በመቶ ጨመረ ማለት ነው እኮ በ20 ዓመት!

ስለዚ ነጭ_ዜድ መልሴ ይሄ ነው፣ መኪናው በ1996 አልሞተም፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ነው የሞተው።

የን_ተከታታይ

ሁላችሁም ስለ መኪናው ብቻ ነው የምታወሩት፣ እኔ ግን ስለ ገንዘቡ ላውራ ምክንያቱም የዜድ ታሪክ በግማሽ የየን ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ።

240ዜድ ሲወጣ አንድ ዶላር 360 የን ነበር፣ በስምምነት የተቸነከረ፣ እስከ 1971 አልተነቃነቀም። ያ 3,526 ዶላር የመጣው ከዚህ ነው። ኒሳን ጃፓን ውስጥ በርካሽ የን ሰርቶ በውድ ዶላር ይሸጣል፣ ስለዚ ጀርመንና እንግሊዝ ሊነኩት የማይችሉትን ዋጋ መለጠፍ ቻለ። ሚስተር ኬ ጎበዝ ነው፣ ማትሱኦ ጎበዝ ነው፣ ግን ምንዛሪው ባይኖር መኪናው መሀሉን አይሞላም ነበር። በ1971 ነሐሴ ኒክሰን ዶላርን ከወርቅ ሲነጥለው ያ ዘመን አበቃ፣ በዓመቱ መጨረሻ 308 ሆነ፣ በ1973 ደግሞ ገበያው ላይ ተለቀቀ። 280ዜድ በ1975 ሲወጣ ዋጋው 6 ሺህ ዶላር አልፏል። ፓራውልቱ ብቻ አይደለም ያንን ያመጣው።

ከዛ ትልቁ ምት፣ በ1985 መስከረም የፕላዛ ስምምነት፣ ትልልቆቹ ሀገሮች ዶላርን ለማርከስ የተስማሙበት። ዶላር ያኔ 240 የን አካባቢ ነበር። በ1995 ሚያዝያ 80 የን ገባ። እስቲ እናንተ ኒሳንን ሁኑና አስቡት፣ በአስር ዓመት ውስጥ ከአንድ ዶላር የምታገኙት የን ወደ አንድ ሶስተኛ ወርዷል፣ መኪናው ደግሞ የሚሰራው ጃፓን ነው፣ ሰራተኛው የሚከፈለው በየን ነው። ምርጫችሁ ሁለት ነው፣ ወይ ዋጋ መጨመር ወይ መክሰር። በ1989 የወጣው 300ዜድኤክስ ሲጀምር 28 ሺህ ዶላር አካባቢ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ባለ ሁለት ተርቦው 40 ሺህ ዘለለ። በዛ ዋጋ ሰውየው ሌላ ነገር ማየት ይጀምራል።

እና ብቻውን እንዳልወደቀ አትርሱ። ማዝዳ አርኤክስ-7 በ1995 ከአሜሪካ ወጣ፣ ቶዮታ ኤምአር2 እንደዛው፣ ሱፕራ በ1998፣ ሚትሱቢሺ 3000ጂቲ በ1999። ሁሉም በየራሳቸው ድክመት በአንድ ሰሞን ወደቁ ብሎ ማመን ይከብዳል። የወቀሳችሁት እኮ መኪናውን እንጂ ምንዛሪውን አይደለም።

300ዜድኤክስ እንደ መኪና ግን ድንቅ ነበር፣ እዚህ ላይ ከቀላል_ይሻላል ጋር አልስማማም። 300 ፈረስ ጉልበት በ1990! ካር ኤንድ ድራይቨር መጽሄት በየዓመቱ በሚመርጣቸው ምርጥ አስር ውስጥ ከ1990 እስከ 1996 አንድም ዓመት ሳይጎድል ነበረ። ገዢ ያጣው ጥሩ መኪና ስላልሆነ አይደለም።

ነጭ_ዜድ

ኧረ በጣም አመሰግናለሁ፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅኩም። ግን የን_ተከታታይ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ማዝዳ ኤምኤክስ-5ም በ1989 ነው የወጣው፣ የሚሰራውም ጃፓን ነው፣ የኑም ያው የን ነው፣ እሱ ግን አልወደቀም፣ እስከ ዛሬ ይሸጣል። የን ብቻ ከሆነ እሱን ለምን አልገደለውም?

የን_ተከታታይ

ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ኤምኤክስ-5 የጀመረው ከ14 ሺህ ዶላር በታች ነው፣ 1.6 ሊትር ሞተር፣ ተርቦ የለም ምንም የለም፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን በታች። የኑ ሲከብድ እሱም ጨምሯል፣ ግን ከ14 ጨምረህ ሃያ ብትገባ አሁንም አንድ ወጣት ሰራተኛ በብድር ይገዛዋል፣ ከ30 ተነስተህ 40 ስትገባ ግን የገዢው አይነት ራሱ ይቀየራል። ያንን ብር የሚከፍል ሰው ከፖርሽና ከኮርቬት ጋር ነው የሚያወዳድርህ፣ ስሙን ጭምር። ስለዚ የኑ ለሁሉም እኩል መጣ፣ የጎዳው ግን ከፍ ብለው የተቀመጡትን ነው። ዜድ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ደግሞ ቀላል_ይሻላል እንዳለው ከ1975 ጀምሮ በየትውልዱ የሆነ ነገር እየተጫነበት ነው። እሱን እቀበላለሁ።

ቁልፍ_13

እኔ ሁለቱንም ሞተር እጄ ነክቷል፣ 240ውንም ባለ ሁለት ተርቦውንም፣ እና አንድ ሰው ያላነሳውን ነገር ልጨምር፣ ጥገና።

የ240ዜድ ሞተር ኤል24 ይባላል። ሞኖብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው አልሙኒየም፣ አናቱ ላይ አንድ ካምሻፍት በካቴና የሚዞር፣ 12 ባልቦላ፣ ሁለት ካርቡሬተር። ኮፈኑን ስትከፍተው መሬቱ ይታይሃል በሁለቱም ጎን። የባልቦላ ክፍተት ማስተካከል፣ ካርቡሬተሮቹን እኩል እንዲስቡ አድርጎ ማመጣጠን፣ ፕላቲን ማስተካከል፣ ይሄን ሁሉ ባለቤቱ ራሱ ተምሮ ይሰራዋል። ዘይቱን በጊዜው የቀየርክለት ኤል ሞተር በጣም ረጅም ዕድሜ ነው ያለው። ያ ሰው መኪናውን የሚወደው ስለሚያውቀው ነው፣ ብሎኑን በስም ያውቀዋል ማለት ይቻላል።

አሁን የ1990ውን ባለ ሁለት ተርቦ ክፈተው። ቪ6፣ አራት ካምሻፍት፣ 24 ባልቦላ፣ ሁለት ተርቦ፣ ሁለት ኢንተርኩለር፣ ከላይ የአየር ቧንቧው፣ ከስሩ የውሃና የቫኪዩም ጎማዎች ጥልፍልፍ። እጅ የሚገባበት ቦታ የለም። ተርቦ መቀየር ከፈለግክ ብዙውን ጊዜ ሞተሩን ማውረድ ነው። ካቴና ሳይሆን ቺንጋ ነው የሚያዞረው፣ 100 ሺህ ኪሎሜትር ሳይሞላ መቀየር አለበት፣ ከተበጠሰ ባልቦላና ፒስተን ይገናኛሉ፣ ያኔ ሞተሩን ደህና ሰንብት በለው። ኋላ ጎማውን የሚያዞረው ሱፐር ሃይካስ ደግሞ የራሱ ፓምፕ የራሱ ቧንቧ አለው። አዲስ ሆኖ ሲነዳ ከዚህ የሚጥም የለም፣ እውነቴን ነው፣ መንገዱን የሚይዝበት አያያዝ ዛሬም ያስገርመኛል። ግን ሁለተኛና ሶስተኛ ባለቤት እጅ ሲገባ ሰዉ አቅቶት ነው የሚሸጠው ወይም ጥግ አስይዞ የሚተወው። ያገለገለው መኪና ስም ሲጠፋ አዲሱንም የሚገዛ ይቀንሳል። ኢንሹራንሱም በዛው ልክ ከባድ ነበር፣ ለወጣት ነጂ 300 ፈረስ ጉልበት የሚል ወረቀት ይዘህ ስትሄድ የሚነግሩህን ዋጋ ገምተው።

ሁለተኛ_ማርሽ

ስለ መመለሱ ማንም አልጻፈምና እኔ ልሞክር፣ ለኔ ከሁሉም የሚያስደስተው ክፍል እሱ ነው።

300ዜድኤክስ በ1996 ከአሜሪካ ከወጣ በኋላ ጃፓን ውስጥ እስከ 2000 ቆይቷል። በመሀል ኒሳን አሜሪካ አንድ የሚገርም ነገር አደረገ፣ የ1970ዎቹን 240ዜዶች ከሰው እየገዛ፣ ሙሉ በሙሉ እያሳደሰ፣ በራሱ ሻጮች በኩል በ25 ሺህ ዶላር አካባቢ መሸጥ ጀመረ። 200 ለመስራት አስበው ከዛ ባነሰ ነው የቆመው፣ ማደሱ በጣም ውድ ስለሆነ። ግን እስቲ አስቡት፣ አንድ የመኪና ፋብሪካ የሚሸጠው አዲስ የስፖርት መኪና አጥቶ የድሮውን አድሶ ሲሸጥ። ሰዉ ስሙን እንዳልረሳው ያኔ ታየ።

የዛን ጊዜ ኩባንያው ራሱ ሊሞት ደርሶ ነበር። ዕዳው ከ2 ትሪሊዮን የን በላይ። በ1999 መጋቢት የፈረንሳዩ መኪና ሰሪ ሬኖ 36.8 በመቶውን ገዛ፣ ኒሳንን እንዲያድን ከሬኖ የተላከው ካርሎስ ጎን መጣ፣ በጥቅምት የማዳኛ ዕቅዱን አወጀ፣ አምስት ፋብሪካ መዝጋት፣ 21 ሺህ የስራ ቦታ መቀነስ። እንደዚህ ያለ ጊዜ ላይ ባለ ሁለት ወንበር መኪና ማን ያስባል? ግን በዛው ዓመት ጥር ላይ፣ ሬኖ ከመምጣቱ በፊት፣ የአሜሪካው የዲዛይን ቢሮ ዲትሮይት ላይ 240ውን የሚያስታውስ የዜድ ኮንሴፕት፣ ማለትም ለማሳያ የተሰራ ናሙና፣ አሳይቶ ነበር። ጎን ቅርጹ አሮጌውን መምሰሉን ትቶ አዲስ ሆኖ እንዲሰራ ተደርጎ ዜድ ይመለስ አለ። ፋብሪካ እየዘጋህ የስፖርት መኪና መፍቀድ ድፍረት ይጠይቃል። ኩባንያው አልሞተም የሚለውን ለገዢውም ለሰራተኛውም በአንድ መኪና ነው የተናገረው።

ግን ወሳኙ ነገር ድፍረቱ አይመስለኝም፣ ሂሳቡ ነው። 300ዜድኤክስ ብዙ ነገሩ ለሱ ብቻ ተብሎ የተሰራ ነበር። 350ዜድ ግን ወለሉን፣ ማለትም መኪናው የሚሰራበትን መሰረት፣ ከስካይላይን፣ አሜሪካ ውስጥ ኢንፊኒቲ ጂ35 ከሚባለው፣ ጋር ይጋራል፣ ሞተሩ ቪኪው35 ደግሞ በቤተሰብ መኪናዎቹም ውስጥ ያለው ነው፣ ተርቦ የለውም፣ 3.5 ሊትር 287 ፈረስ ጉልበት። የኋላ ወንበር የለም። ተናጋሪ ድምጽ የለም። ዋጋው ሲጀምር 26 ሺህ ዶላር አካባቢ፣ ማለትም ከስድስት ዓመት በፊት ከነበረው 300ዜድኤክስ በጣም የወረደ። ቁልፍ_13 ያለውም ነገር ተመለሰ፣ ሞተሩን መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል፣ መለዋወጫው በየቦታው አለ።

ቀላል_ይሻላል

ሁለተኛ_ማርሽ ስለ 350ዜድ ያልሽው ልክ ነው እህቴ፣ ግን ዋጋው ወደ 240ው ተመለሰ ማለት ግን አይቻልም። የ1970 3,526 ዶላር በግሽበት ሲሰላ በ2002 16 ሺህ አካባቢ ነው የሚሆነው። 26 ሺህ የዛ አንድ ተኩል እጥፍ ይበልጣል። ክብደቱም 1,450 ኪሎ ምናምን ነው፣ 240 አይደለም። እኔ 350ዜድን እወደዋለሁ፣ ድምጹንም ማርሹንም፣ ግን ሰው 240 ተመለሰ ሲል ያመኛል። የተመለሰው ስሙና ሀሳቡ ነው።

የን_ተከታታይ

እሱ እውነት ነው፣ 3,526 ሊመለስ አይችልም ምክንያቱም 360 የን ሊመለስ አይችልም። በ2002 ዶላር 120 የን አካባቢ ነበር። ከ80 ወደ 120 ግን ለኒሳን ትልቅ እፎይታ ነው፣ 26 ሺህ መለጠፍ የቻሉበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው። የአሁኑንም ዜድ ተመልከት፣ በ2022 ሲወጣ የኑ እንደገና ወድቆ ከ130 አልፎ በጥቅምት 150 ደርሷል፣ ዋጋው ከ40 ሺህ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የጀመረው። 1995 ላይ የነበረው የን ቢሆን ይሄን መኪና አናየውም ነበር።

ነጭ_ዜድ

370ዜድስ? እሱን ሁሉም ዘሎታል። ከ2009 እስከ 2020 ድረስ ሳይቀየር የቆየው ለምንድነው፣ እሱስ ውድቀት አይባልም?

ሁለተኛ_ማርሽ

ይባላል፣ ሁለተኛው ውድቀት እሱ ነው፣ የመጀመሪያውን ያህል ስላልጮኸ ነው። 370ዜድ ሲወጣ እኮ ትክክለኛ አቅጣጫ ይዞ ነበር፣ በፊትና በኋላ ጎማው መሀል ያለውን ርቀት በ10 ሴንቲሜትር አሳጠሩት፣ ሞተሩ 3.7 ሆኖ 332 ፈረስ ጉልበት፣ ማርሽ ስትቀንስ ነዳጁን ራሱ የሚመጥንልህን ሲስተም በማኑዋል ካምቢዮ ላይ ያመጣው የመጀመሪያው እሱ ነው። ችግሩ የወጣበት ጊዜ፣ የ2008 የገንዘብ ቀውስ ላይ። ከዛ ሰው ሁሉ ወደ ከፍ ያለ ቤተሰብ መኪና ዞረ፣ ኩባንያው ገንዘቡን እዛ አፈሰሰ፣ ዜዱን ረስቶ ተወው። ያልተነካ መኪና በየዓመቱ ያረጃል፣ ሌሎቹ ባሉበት ስለማይቆሙ።

የአሁኑ ዜድ ባለ ሁለት ተርቦ 3 ሊትር ቪ6 400 ፈረስ ጉልበት ነው፣ ባለ ስድስት ማርሽ ማኑዋል ይዞ። የፊት መብራቱ ክብ የሆነው 240ው ዘመን ጃፓን ውስጥ ከነበረው ረጅም አፍንጫ ፌርሌዲ ዜድጂ ነው፣ የኋላ መብራቱ ደግሞ ከ1990ው 300ዜድኤክስ። ስሩ ግን የ370ው ወለል ተሻሽሎ ነው። አንዳንዱ ሰው ይሄን እንደ ነውር ያነሳዋል፣ እኔ አይመስለኝም፣ አዲስ ወለል ቢሰሩለት ዋጋው የት እንደሚደርስ ከላይ የጻፋችሁትን ማንበብ ነው። ክብደቱ ግን አዎ፣ 1,600 ኪሎ ገደማ፣ ቀላል_ይሻላል አይወደውም።

ነጭ_ዜድ

ገብቶኛል አሁን፣ ሁለቱም ወገን የሚያወራው ስለተለያየ ነገር ነው፣ አንዱ መኪናው መቼ እንደተቀየረ፣ ሌላው መቼ ከሰው አቅም በላይ እንደወጣ። የመጨረሻ ጥያቄ ለቁልፍ_13፣ አንድ ቀን 240ዜድ ልገዛ ብነሳ ምን ላይ ልጠንቀቅ? ዋጋው እየናረ እንደሆነ አውቃለሁ፣ በ2020 አንዱ 310 ሺህ ዶላር እንደተሸጠ አይቻለሁ።

ቁልፍ_13

ያ በጣም ንጹህና ያልተነካ ስለሆነ ነው፣ ያንን አይተህ ተስፋ አትቁረጥ።

ሞተሩን መጨረሻ ላይ እየው፣ ሞተር ይሰራል። አንተ ላሜራውን ነው የምታየው። የ240ዜድ ጠላት ዝገት ነው፣ ያኔ የነበረው ብረት ቀጭን ነው፣ የዝገት መከላከያውም ደካማ። መጀመሪያ ባትሪው የሚቀመጥበትን እና ከስሩ ያለውን፣ አሲድ ሲንጠባጠብ ብረቱን በልቶት ወደ ታች ይሄዳል። ከዛ መኪናውን አስነስተህ ከስር ግባ፣ ፊት ለፊት የሚመጡትን ሁለቱን ረጃጅም የቻሲ ብረቶች ወለሉ ስር እስኪያልቁ ድረስ ተከተላቸው፣ በጣትህ ጫን በል፣ ከረገበ ወይም ወፍራም ጥቁር ቀለም በቅርቡ ከተቀባበት ተጠንቀቅ። የወለሉን ምንጣፍ አንሳ። ከበሩ ስር ያለውን ቱቦ፣ ከበሩ ኋላ ከጎማው ፊት ያለችውን ጥግ፣ የኋላውን መስታወት በር ዙሪያና ትርፍ ጎማው ያለበትን ጉድጓድ እይ። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ በቦዲው ላይ አስኪደው፣ የማይዝበት ቦታ ስቱኮ ነው።

ቀጥሎ ቁጥሩን። አሜሪካ የገባው የቻሲ ቁጥሩ ኤችኤልኤስ30 ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ሞተሩና ነጂው መሀል ባለው ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። ሞተር ክፍል ውስጥ ያለችው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ደግሞ የቻሲውም የሞተሩም ቁጥር አለ፣ ሶስቱን አስተያያቸው። ሞተሩ ከሌላ ዜድ የመጣ ከሆነ፣ ብዙ ሰው 2.8ቱን ስለሚገጥምበት፣ ለመንዳት ምንም አይጎዳም እንዲያውም ይሻላል፣ ዋጋው ላይ ግን መደራደር አለብህ። ለመንዳት የምትገዛ ከሆነ ዝገት የሌለበትን፣ ሞተሩ የተቀየረውን ውሰድ። መለዋወጫ አይቸግርህም፣ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የተሰራ መኪና ስለሆነ የወለል ላሜራው ሳይቀር እስከ ዛሬ አዲስ ተሰርቶ ይሸጣል።